የነጎድጓድ ሳል

ሰፈሩ «ሲባጎ» ይለዋል። ቅጽል ስሙ በቁመናው የወጣለት እንዳይመስላችሁ፤ ቁመናውማ በር የሚሞላ ነው። በድምፁ ነው። ከደጁ ወጥቶ ዳቦ ሲገዛ፣ አውቶቡስ ውስጥ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ሲል፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ «ያጽናችሁ» ሲል፣ ከዚያ ሁሉ ደረት የምትወጣው ድምፅ የዕቃ ማሰሪያ ሲባጎ ታክላለች። ልጆች ከኋላው እየተከተሉ ያስመስሉታል። ትልልቆቹ ከልጆቹ ይብሳሉ። «ለመሆኑ አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» ይሉታል፣ አያቱ ተወልዶ አያቱ በተቀበረበት ሰፈር።

በዚያ አገር ቀጭን ድምፅ ይዞ ወንድ መሆን መታወቂያ ሳይዙ እንደ መውጣት ነው። «እኛ ከደረታችን የምንናገር ሕዝብ ነን» ይላል የልጆች መማሪያ መጽሐፍ። ጎረምሳው ጢሙ ሳያቀመቅም ጉሮሮውን እያስጨነቀ ድምፁን ያወፍራል። ቀጭን ድምፅ ያለው ከድንበር ወዲያ የመጣ ነው፣ ሰላይ ነው፣ ቢያንስ ቢያንስ እናቱ የደበቀችው ነገር አለ።

ይህ ሁሉ የነጎድጓድ ጣጣ ነው። ነጎድጓድ በመጨረሻው ጦርነት ድንበሩን ይዞ ያስቀረው ጄኔራል ነው፤ የዳቦ ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው ይባላል። ሲናገር ድንጋይ ይሰነጠቅ ነበር ይባላል። ሲያገሣ የጠላት በቅሎዎች አስወረዱ ይባላል፤ በቅሎ እንደማትወልድ የሚያውቀው ገበሬ ሳይቀር ይህን ሲሰማ «እንዴታ!» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ደግሞ ማስረጃ አለ። ከቀትር ዜና በፊት፣ በየቀኑ፣ ሬዲዮው ጄኔራሉ በግንባር ያደረገውን ንግግር ያሰማል፦

«ወንድሞቼ! ከዚህ ወዲያ መሬት የለንም። የቆማችሁበት የመጨረሻው ነው።» ከዚያ ይስላል። «እናንተ ካልቆማችሁ አገር አይቆምም።»

በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ ከሩቅ፣ ዱም ዱም የሚል መድፍ ይሰማል። የታሪክ ምሁራን መድፉ ከየትኛው ኮረብታ እንደተተኮሰ እየተከራከሩ ተጣልተው ቀርተዋል። ሳሉ ግን ማንንም አያጣላም። የባሩድ ጢስ ነው፤ ለአገር የተሳለ ሳል ነው። ስለዚህ ንግግሩ እዚያ ቦታ ሲደርስ ሕዝቡ አብሮ ይስላል፤ ባንክ ቤት የተሰለፈው፣ ፀጉር የሚቆርጠው፣ ፀጉር የሚቆረጠው፣ ሁሉም «እህ! እህ!» ይላል። ያልሳለውን ጎረቤቱ አየት ያደርገዋል።

እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት ቀርቷል። እሱም ሲባጎ ነው።

ያኔ ሲባጎ የሬዲዮ ጣቢያው ወጣት ዜና አንባቢ ነበር። ቴክኒሺያኑ የጄኔራሉን ንግግር በቴፕ ቀርጾ ከግንባር መጣና ፊቱን ሊታጠብ ገባ። የቴፑን ክር የት ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው? ትልቁ ድምፅ ማጉያ ራስ ላይ! ድምፅ ማጉያ ሆዱ ውስጥ ማግኔት አለው፤ ማግኔት ደግሞ የተቀረጸ ክርን ፍየል ቅጠል እንደምትግጥ ነው የሚግጠው። ይህን የማያውቅ የሬዲዮ ሰው የለም። ቴክኒሺያኑም ያውቃል፤ ግን እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ተመልሶ ቢያጫውተው ከነፋስ በቀር የሚሰማ ነገር ጠፋ።

«ምን ነበር ያለው?» አለ የጣቢያው ኃላፊ።

«ስለ ካልሲ ነው የተናገረው» አለ ቴክኒሺያኑ።

እውነቱን ነው። ጄኔራሉ በዚያች ቀጭን፣ ልጅ የምታባብል እናት በምትመስል ድምፁ፣ ለወታደሮቹ ካልሲያችሁን አድርቁ፣ እርጥብ ጫማ አድርጋችሁ አትተኙ፣ እግሩ የበሰበሰ ሰው ድንበር አይጠብቅም ነበር ያላቸው። ሲባጎ ይህን በሰማበት ቅጽበት ሰውየውን ወደደው፤ እስከ ዛሬም ይወደዋል። ኃላፊው ግን አገር በካልሲ አይድንም ብሎ እስክሪብቶውን አነሳ። የሚነበበውን ጽፎ ሲባጎን የእንቁላል ካርቶን በተለጠፈበት ክፍል አስገብቶ ዘጋበት። ሲባጎ አነበበው። ሲያነብ እንዳይቸኩል የያዘው ልማድ ነበረው፤ አረፍተ ነገር በጨረሰ ቁጥር በመሃል ጣቱ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ይተነፍሳል። መካከል ላይ ቅድም የበላው ደረቅ ብስኩት ጉሮሮውን ከረከረውና ሳለ። ክር ተወድዶ ስለነበር አልደገሙትም።

ጄኔራሉ ሬዲዮውን ሳይሰማ በዚያው ሳምንት መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሙት አያስተባብል። ኃላፊው ቴክኒሺያኑንና ሲባጎን አስማላቸው፤ ሲባጎንም «በነጎድጓድ ድምፅ የሽንኩርት ዋጋ አይነበብም» ብሎ ከማይክሮፎን አንስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወረው። ከዚያ ወዲያ ሲባጎ በገዛ ድምፁ አደባባይ የተናገረው አንዴ ነው። ሥጋ ቤት ገብቶ «ከጭኑ ስጠኝ» ከማለቱ አንድ ሰው ከኋላው በጥፊ አጮለው። «በሙት ትቀልዳለህ? በነጎድጓድ?» ሰው ተሰበሰበ፣ ተረባረበበት። ሸሚዙ ተቀዶ፣ አንድ ጥርሱ ጎድሎ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ የወጣው በሲባጎ ድምፅ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ።

እውነቱንም የተናገረው አንዴ ብቻ ነው፤ ለልጁ። ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ በወሊድ ሞታ ብቻውን ነው ያሳደጋት፤ ቤት ውስጥ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ በገዛ ድምፁ ጋዜጣ እያነበበ፣ ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረገ ያስተኛት ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ ለምንድን ነው ነጎድጓድን የምታስመስለው?» አለችው። አላስችል አለውና ነገራት። ልጅ ናት፣ ትምህርት ቤት ሄዳ ተናገረች። መምህሯ ክፍሉ ፊት አስነስታ «ውሸታም» አሰኘቻት፤ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ቀሪውን ጨረሱላት። ከንፈሯ አብጦ መጣችና በሩ ላይ ቆማ «አንተ ነህ ውሸታሙ» አለችው። ከዚያ በኋላ ጋዜጣ አንብብልኝ ብላ አታውቅም። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘጋ።

ልጅቷ አድጋ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ሆነች። አባቷን ትወደዋለች፤ ለደረቱ ሽሮፕ ታመጣለታለች፣ ኮቱን ትቦርሽለታለች። ግን በልቧ አባቴ ትንሽ የነካው ሰው ነው፣ ዕድሜውን የሙት ድምፅ ሰርቆ የኖረ ሰው ነው ብላ ታፍርበታለች። እሱ ይህን ያውቃል። ሰፈሩ ሲባጎ ቢለው፣ ባዕድ ቢለው፣ ቢተፋበትም ለምዶታል። የማይለመደው ይኼኛው ነው። ከመሞቱ በፊት ልጁ ብቻ፣ እሷ ብቻ፣ ድምፁ የራሱ መሆኑን እንድታምነው ይፈልጋል። ሌላ ምኞት የለውም።

እጮኛዋን ያገኘችው እዚያው መድኃኒት ቤት ነው። ድምፁን ሲያወፍር ጉሮሮው እየቆሰለ የሚመጣ የመብራት መሐንዲስ ነው፤ እንደ ብዙ ወንዶች። የሚመጠጥ ከረሜላ ስትሸጥለት፣ ስትሸጥለት ተዋደዱ። ልጁ ክፋት የለውም። መከራው አባቱ ነው። አባቱ ሻለቃው፣ ጡረታ የወጣ መድፈኛ፣ በአገሩ የታወቀ ሰው ነው። ለምን ቢሉ፣ በንግግሩ ውስጥ የሚሰማው መድፍ የኔ ነው ይላል። ትምህርት ቤት እየጋበዙት ይተርካል፣ በጋዜጣ ወጥቷል፣ በደረቱ ያለውን ሜዳልያ ያገኘው በዚያች ዱም ዱም ነው። የሚያናድደው ደግሞ ሻለቃው የሚዋሽ አለመሆኑ ነው። ያምነዋል። ያን ያህል ዓመት በሬዲዮ ሰምቶት ሰምቶት፣ ሽታው ሳይቀር ትዝ ይለዋል።

ሊተዋወቁ በሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ የአባቷን ክራባት እያሰረችለት፣ ዓይኑን ሳታይ፣ «አባዬ፣ አደራ» አለችው። «የውጪውን ድምፅ። እሳቸው ፊት እንዳትቀልድ።»

«ቀልጄ አላውቅም።»

«አባዬ!»

«እሺ» አለ፣ በሲባጎው። ከአፉ ሲወጣ እሬት እሬት አለው።

ሻለቃው ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጣ። ኮቱ ላይ ሜዳልያው ተሰክቷል። ሳይጋብዙት ከግድግዳው ትይዩ ያለውን ባለመደገፊያ ወንበር ያዘ፤ የሲባጎን ወንበር። ሚስቱ ሶፋውን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ አቧራ ፈለገች፤ ስታጣ ቅር አላት። ሻይና ብስኩት ቀረበ። ልጅቷ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንዴ አባቷን አንዴ ሻለቃውን ታያለች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ቤት ለእንግዳ» አለ ሲባጎ።

የሻለቃው ስኒ አየር ላይ ቆመ። ሚስቱን አያት። ሚስቱ ከንፈሯን ሸረመመች።

«አሞዎት ነው?» አለ ሻለቃው።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ይመስገን።»

«ታዲያ ድምፅዎ ነው እንዴ እንደዚህ?»

«አዎ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወላጆችዎ ከየት ናቸው?»

«ከዚሁ ናቸው። አያቴም ከዚሁ ነው።»

«እንደዚያ ነው የሚባለው» አለች ሚስትዮዋ ወደ ስኒዋ። «ሁሉም ከዚሁ ነኝ ነው የሚል።»

«እማ» አለ ልጇ፣ በወፍራሙ፤ ወዲያው ጉሮሮውን ያዘ።

«እማ አትበለኝ። እኔ እቤቴ ሲባጎ አልወለድኩም፤ የልጅ ልጄም ሲባጎ እንዲሆን አልፈልግም።» ሰፈር ውስጥ ጠይቀው ነው የመጡት ማለት ነው፤ ቅጽል ስሙን ሳይቀር ይዘውታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሲባጎ ጆሮ ግን ከእንግዲህ የሚሰማው አዲስ ነገር የለውም። ልጁን አየ። ልጅቷ አቀርቅራለች፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። ለእሱ ይሁን በእሱ ማፈሯን መለየት አቃተው።

ሻለቃው ሰዓቱን አየ። «ሬዲዮ የለም እዚህ ቤት? ቀትር ደረሰ እኮ። እኔ አንድም ቀን አምልጦኝ አያውቅም። ነው ወይስ እዚህ ቤት አይሰማም?»

ልጅቷ ዘላ ተነስታ ከፈተች። ሁሉም ቆሙ። ሻለቃው ሆዱን ስቦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን አነሳ። ሲባጎ ጉልበቱ ስለሚያመው ጠረጴዛውን ተደግፎ ነው የተነሳው። እጁ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ወንድሞቼ!» አለ ከሬዲዮው የወጣቱ የሲባጎ ድምፅ። አቤት ድምፅ! ሲባጎ በሰማው ቁጥር በአንድ ሳንባ ያንን ሁሉ አየር ከየት አመጣሁት ይላል። «ከዚህ ወዲያ መሬት የለንም።»

ዱም ዱም፣ አለ መድፉ።

«የኔ ነው» አለ ሻለቃው ለወንዱ ልጁ በሹክሹክታ፤ ሺህ ጊዜ የነገረውን።

«የቆማችሁበት የመጨረሻው ነው።»

ዱም ዱም። ይሄን ጊዜ ልጅቷ ዞረች። ድምፁ ከሁለት ቦታ ነው የመጣው፤ ከሬዲዮውና ከጠረጴዛው። የአባቷ መሃል ጣት ነው። እሱ ራሱ አላወቀም፤ ዓይኑን ጨፍኗል። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ሻለቃው ሳለ፣ ሚስቱ ሳለች፣ ልጃቸው ሳለ። ልጅቷ ግን አልሳለችም። የአባቷን ጣት ነው የምታየው።

«እናንተ ካልቆማችሁ አገር አይቆምም።»

ጣቱ ተነሳ፤ ከመድፉ ጋር እኩል ወረደ። ሁለቴ። ስንዝር አልቀደመም፣ ስንዝር አልዘገየም። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ከነጎድጓድ በፊት፣ ከትምህርት ቤት በፊት ታውቀዋለች። እንቅልፍ ሲጥላት በእያንዳንዱ አረፍተ ነገር መጨረሻ ይሰማት የነበረው እሱ ነው።

ሻለቃውም አይቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «መድፉን ነው በጣት የምትመታው?» እርስዎ ማለቱ እዚያው ላይ ቀረ። «ጓዶቼ የወደቁበትን መድፍ! እዚያ ነበርኩ እኮ እኔ! እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ! አንተ ማነህና ነው ጠረጴዛ እየደበደብክ የምትቀልድብኝ?»

«አልቀለድኩም።» ድምፁ ከወትሮው ይልቅ ቀጠነ።

«እነሆ፣ ስሙት! ስሙት ይቺን ድምፅ! ይሄ የኛ ሰው ነው?» ሻለቃው ልጁን በክንዱ ያዘው። «ና ውጣ። እኔ ልጄን ከመጤ ጋር አላጋባም።»

«ቢያንስ ይቅርታ ይጠይቅ» አለች ሚስትዮዋ ቦርሳዋን እያነሳች። «ሰው ቤት ጠርቶ መሳደብ ምን የሚሉት ነው?»

«ይጠይቃ! ይጠይቅና እናስብበታለን።» ሻለቃው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። እግሩን አነባበረ። «ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

መሐንዲሱ ልጅቷን አያት፤ ዓይኑ ይለምናል። ሲባጎም አያት። አሥር ጊዜ ይቅርታ ቢል ግድ የለውም፤ ሲጠይቅ ነው የኖረው። ግን እሷ ጠይቅ ካለችው ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ውሸታም እንደሆነ ይሞታል።

ልጅቷ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። እጇን አባቷ እጅ ላይ፣ በዚያች መሃል ጣት ላይ፣ አደረገችው።

«አባዬ» አለች። «ጠይቃቸው።»

ዓይኑን ከእሷ ላይ ነቀለ።

«እሺ ልጄ» አለ በሲባጎው፣ ወደ ሻለቃው እየዞረ።

«በዚህ አይደለም» አለች። እንባዋ ወርዷል፤ ድምፅዋ ግን ጠንክሯል። «በራስህ ድምፅ ጠይቃቸው።»

ሲባጎ ልጁን ቀና ብሎ አያት። የምትለውን አውቃ ነው የምትለው። ዓመታት ሙሉ በሲባጎ ታስሮ የኖረ ነገር ደረቱ ውስጥ ላላ። አየር ሳበ፤ ጎኑ ድረስ ሳበ።

«ሻለቃ!» አለ።

መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሻለቃው አነባብሮት የነበረው እግር በራሱ ጊዜ ወረደ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። እንግዳን በገዛ ቤቱ አላከበረም ብላችሁ እንዳታዝኑብኝ።» ጣቱ ጠረጴዛውን መታ፣ ሁለቴ። ዱም ዱም። ከዚያ ለረጅም ዘመን ያልሠራ ጉሮሮ ነውና ከረከረውና ሳለ።

ሚስትዮዋ አብራ ሳለች፤ ከሳለች በኋላ ነው የደነገጠችው። ልጃቸውም ሳለ። ሻለቃው ግን ቆሟል። መቼ እንደተነሳ ማንም አላየውም፤ እሱም አላየውም። ተረከዙ ገጥሟል፣ ደረቱ ተነፍቷል፣ ቀኝ እጁ ግንባሩ ላይ ነው። ፊቱ እንደ ጉበት ጠቁሯል። በዓይኑ ሲባጎን ሊበላው ይፈልጋል፤ እጁን ሊያወርድ ይታገላል፤ እጁ ግን የሚያውቀው ያንን ድምፅ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ሲታዘዘው የኖረውን። አውርድ ካልተባለ አይወርድም።

«አባባ» አለ መሐንዲሱ፣ ማወፈሩን ረስቶ፣ በቀጭኑ። «አባባ፣ እጅህን አውርድ እንጂ!»

ሻለቃው አልሰማውም። ሲባጎን ነው የሚጠብቀው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲባጎን ነው የሚጠብቀው። አንዲት ቃል ናት፤ «አሳርፍ» ቢለው ያርፋል።

ሲባጎ ወንበሩን ሳበ፤ ሻለቃው የለቀቀውን፣ የራሱን ወንበር። ተቀመጠ። ስኒውን አነሳ። ልጅቷ ከጎኑ ቆማ ትከሻውን ይዛለች። ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም ቀስ እያለ እስከ ጭላጩ ጠጣው።